ዳርቻው የማን ነው? የጣና ዓሣ አጥማጆች የአርባ ዓመት ጥያቄ

በ1978 ዓ.ም. ጣና ሐይቅ ላይ ሞተር የተገጠመላቸው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎችና ረጃጅም የናይለን መረቦች ገቡ። በግብርና ሚኒስቴር ሥር የተጀመረውን ይህን ፕሮጀክት የደገፈው፣ ኡርክ ከምትባለው የኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የተነሣ የአብያተ ክርስቲያናት በጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ጊዜው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ነበር። አገር ተርቦ ሳለ ያ ሁሉ ውኃ ዓሣ ታቅፎ መቀመጡ የሚያንገበግብ ነበርና ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም። ውጤቱም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1979 ዓ.ም. በሞተር ጀልባ የሚያጠምዱት ያወረዱት ዓሣ 39 ቶን ያህል ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 360 ቶን ደረሰ።

ያ ጭማሪ እስከ ዛሬ የጣና ዓሣ በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ ግን በሐይቁ ዙሪያ ያለው ክርክር መልኩን ቀይሯል። ዓሣው ቀንሷል፣ አጥማጁ በዝቷል፣ ዳርቻው በሩዝ፣ በእንቦጭና በግንባታ ተይዟል። ሕግ ወጥቷል፣ ማኅበራት ተደራጅተዋል፣ ዘመቻ ተካሂዷል፤ በታንኳ ወጥቶ መረብ የሚጥለው ሰው ኑሮ ግን የዚያን ያህል አልተሻሻለም። ጉዳዩን ከሥሩ ስመለከተው ጎልቶ የሚታየኝ ምክንያት፣ ድጋፉ ሁሉ ለማጥመዱ መሰጠቱ ነው፤ ለጀልባው፣ ለሞተሩ፣ ለመረቡ። አጥማጁ የሚነሣበትንና የሚመለስበትን ዳርቻ የእኔ ጉዳይ ነው ያለ የለም። ስለዚህ ሌላ ጉዳይ ያለው ሁሉ ወስዶታል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን ስፋቱን አይመጥንም፤ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ለአጥማጁ ትልቅ ትርጉም አለው። እንደ ፎገራና ደምቢያ ባሉት ሜዳማ ዳርቻዎች ውኃው ጥቂት ዝቅ ሲል መሬቱ ብዙ ርቀት ይገለጣል። ዓሣ የሚራባበትና ጫጩቶቹ የሚደበቁበት ረግረግ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም፣ ያሉት እዚያው ጥልቀት በሌለው ጠርዝ ላይ ነው። ሐይቁ ሲነካ መጀመሪያ የሚጎዳውም ይህ ጠርዝ ነው።

ከሞተር ጀልባ በፊት ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምዱት በአብዛኛው የነገደ ወይጦ ሰዎች ነበሩ። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ታንኳ ብዙ ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፣ ከዳር አርቆ ለመሄድም አያመችም። ይህ የአቅም ውስንነት ሐይቁን ሲጠብቀው ኖሯል። አጭር መረብና ወጥመድ ይዞ ጠርዝ ጠርዙን የሚቀዝፍ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያገኘው ቆሮሶ ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ ከጥቃት ቶሎ የሚያገግም፣ ደጋግሞ የሚራባ ዓሣ ነው። ወደ መካከሉ ውኃና ራቅ ወዳሉት የወንዝ አፎች ብዙ መረብ አይደርስም ነበር።

የሞተር ጀልባው ሲመጣ የተከፈተው ይህ ሩቅ ቦታ ነው። እዚያ ያለው ላቢዮባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን ነው። እነዚህ ዓሦች ከአንድ የጋራ ዘር ተነሥተው ሐይቁ ውስጥ ራሱ ወደ 17 ያህል ዓይነት ተከፋፍለዋል። ገሚሶቹ ዓሣ በል ሆነዋል፣ ሌሎቹ ቀንድ አውጣ፣ ነፍሳት ወይም ዕፀዋት ይመገባሉ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ የተባዛ የካርፕ ዘመድ ሌላ በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ ነበረ፤ እርሱ ጠፍቷል። ስለዚህ የጣናው በዓለም የቀረ ብቸኛው ነው ይባላል። ሊዮ ናጌልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የዓይነቶቹን ልዩነት በዝርዝር ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት በሳይንስ መዝገብ ብዙዎቹ እንደ አንድ ዓይነት ዓሣ ይቆጠሩ ነበር። መረቡ የገባው ምን እንደሚይዝ ገና ሳይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በወንዝ ውስጥ ነው። ክረምቱ በርትቶ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ሲሞሉ ከሐይቁ ተነሥተው ወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ጠጠራማና ጥሩ ውኃ ያለበት ቦታ ይፈልጋሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው በዚህ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ረጅም መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያነሣው ዓሣ በሌላ ጊዜ በብዙ ቀን የማያገኘው ነው። የሚያነሣው ግን እንቁላሉን ያልጣለ ዓሣ ነው። ላይኛው ወንዝ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያፈዛል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በተደረገ ክትትል፣ የእነዚህ ዓሦች ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል። ከገበያው የማይጠፋው ቆሮሶና አምባዛ ስለሆነ ሸማቹ ልብ አላለውም ይሆናል።

ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ይመስላል፤ በመራቢያው ወራት የወንዞቹ አፍ ይዘጋ ነው ያሉት። ሳይንሱ ትክክል ነው። አብሮ መታየት የሚገባው ግን እነዚያ ወራት ለአጥማጁ ቤት ምን እንደሆኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የአገሩ ሁሉ ክፉ ወራት ናቸው፤ ያለፈው እህል አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። መስከረም ላይ እንቁጣጣሽ አለ፣ የልጆች ምዝገባ አለ፣ ደብተርና ልብስ አለ። ያን ጊዜ ዓሣው በገዛ እጁ ተሰብስቦ ደጅ ይመጣል። አትንካ የተባለው ሰው በምትኩ ምን እንደሚበላ ሳይነገረው አትንካ ማለት፣ ሕጉ እንደሚጣስ እያወቁ ማውጣት ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 315/1995። ለንግድ የሚያጠምድ ሁሉ ፈቃድ እንዲይዝ፣ የማጥመጃ ዕቃና ወቅት እንዲወሰን፣ ተቆጣጣሪም እንዲሾም መንገድ ከፍቷል። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ ጀልባና ነዳጅ የሌለው ተቆጣጣሪ ይህን ሁሉ ውኃ ሊጠብቅ አይችልም። በዚህ መካከል ከሱዳን በኩል የሚገባው፣ በውኃ ውስጥ የማይታየው ስስ ፕላስቲክ መረብ በዋጋው ርካሽነት ሐይቁን ሞላው። የዚህ መረብ ጉዳት ከዓይኑ መጥበብ ብቻ አይመጣም፤ ቶሎ ይበጣጠስና ውኃ ውስጥ ተጥሎ ይቀራል፣ እዚያም ሆኖ ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

በዚያው በ1995 ዓ.ም. ሰኔ የጣና ውኃ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ። ዝናቡ ደካማ ነበር፤ በዚያ ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የተሠራው ግድብ በር ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውኃ ይለቅ ነበር። መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቆሙ። ውኃው የለቀቀውን መሬት ገበሬው አረሰው። ባሕር ሸሽ የሚባለው ይህ እርሻ ለገበሬው ድንገት የተገኘ ሲሳይ ነው፤ ለዓሣው ግን የመራቢያ ቦታው መታረሱ ነው። ውኃው ሲመለስ ደንገሉ ሁሉ አብሮት አልተመለሰም። ፎገራ ላይም ረግረጉ እየተጠነፈፈ ወደ ሩዝ ማሳ ሲለወጥ ኖሯል። ሩዙ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ያበላል፤ ሩዝ ይቅር የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን ረግረጉ ሩዝ ሲሆን የጠፋበት ሰው እንዳለ የቆጠረ መሥሪያ ቤት አላውቅም።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃውን በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። በገባሮቹ ላይ ለመስኖ የሚሠሩት ግድቦች ደግሞ ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ መንገድ ይዘጋሉ፤ ቆጋ ተሠርቷል፣ በርብና በመገጭም ግንባታ ተካሂዷል። እነዚህ ሥራዎች መብራትና እህል ናቸው። ይሁን እንጂ ከሁሉም ውስጥ አጥማጁ ቀርቦ የተጠየቀበት የቱ ነው? ለገበሬው መሬት ሲወሰድ ካሣ የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ቢሆንም ይታሰባል። አጥማጁ ግን የይዞታ ደብተር ስለሌለው የተወሰደበትን ነገር እንኳ በስም ሊጠራው አይችልም።

እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ገበሬው፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው በእጁ ሊነቅለው ወጣ፤ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው የማረሚያ ማሽን ላኩ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይም አንድ ወር የፈጀ ትልቅ ዘመቻ ተደረገ። ያ ርብርብ የሚያኮራ ነው። ለአጥማጁ ግን እንቦጭ በሄክታር አይለካም። ጀልባው የሚወጣበት ጠባብ መንገድ ከተዘጋ ሌላው ሐይቅ ሁሉ ንጹሕ ቢሆን አይጠቅመውም። አረሙ መረቡን ይጠቀልላል፣ ይጎትተዋል፣ ሌሊት ነፋስ ሲነሣ ጠዋት የተከፈተውን መውጫ መልሶ ይደፍነዋል። ዘመቻው ሲያልቅ በየቀኑ ደጁን መጥረግ የቀረው ለዚህ ሰው ነው፤ ይህን ሥራ ሥራ ብሎ የሚከፍለው ግን የለም።

ዓሣው ተይዞ ዳር ከወጣ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ተወርቶለታል። ዓሣ እንደ ጤፍ ዋጋ እስኪወጣ ጎተራ አይቀመጥም፤ በባህር ዳር ሙቀት ጥቂት ሰዓት ከቆየ ዋጋው ይወድቃል፣ ከዚያም ይጣላል። በረዶና ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ዋጋውን ይወስናል። አጥማጁ ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት መሸጥ አለበት፤ ነጋዴው ግን መጠበቅ ይችላል። ብዙ ጊዜም መረቡን በብድር የሰጠው ያው ነጋዴ ስለሚሆን ሌላ ገዥ መፈለግ አይቻልም። የመንግሥቱ የዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅትም ሆነ ጣና ቁጥር 1 የተባለው የአጥማጆች ማኅበር የተቋቋሙት ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ማኅበሩ ባህር ዳር ላይ የራሱ ማውረጃ፣ ማቀዝቀዣና መሸጫ ያለው በመሆኑ ለአባላቱ ጠቅሟል። ከከተማው ርቀው በቁንዝላ፣ በደልጊ ወይም በደቅ ደሴት የሚያጠምዱት ግን ይህ አይደርሳቸውም፤ ያላቸው አማራጭ ማድረቅ ነው። ቋንጣ የሆነው ዓሣ ለረጅም ጊዜ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሸጥ ኖሯል። አገር ውስጥ የዓሣ ገበያ የሚሞቀው በጾም ወራት ነው፤ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባይቋጭም ለብዙ ቤት ወጡም ጉላሹም ያን ጊዜ ዓሣ ነው። ዓሣውን ገፍፈው፣ ፊሌቶ አውጥተው፣ ጠብሰው የሚሸጡት ሴቶች ከሰንሰለቱ ሁሉ የማይታዩት ናቸው። ማኅበር ሲደራጅ አባል የሚሆነው መረብ ያለው ነውና እነርሱ በስብሰባው አይገኙም።

የከተማው ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ባህር ዳር ስትሰፋ የሐይቁ ዳር ውድ መሬት ሆነ። ሆቴሎችና መዝናኛዎች መጡ፤ ነገደ ወይጦዎች ከሰፈሩበት ዳርቻ ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ የተደረገበት ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ አይጋራቸውም ነበር፤ ያ መገለል ቢቀንስም አልጠፋም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ በስማቸው ተቆጥረው ነበር፤ በ1999ኙ ግን ራሱን የቻለ ስፍራ አላገኙም። ያልተቆጠረ ሕዝብ የቦታ ይዞታ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ሲሄድ ከየት እንደሚጀምር አስቡት። ደንገሉም ከእነርሱ ጋር አብሮ ተገፍቷል። ታንኳው፣ መሶቡና ሰፌዱ ለቱሪስት የሚታይ የከተማዋ መለያ ሆኖ ሳለ፣ የሚሠራበት ሣር የሚበቅልበት ቦታ እየጠበበ ነው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ሁለቱም ለዳርቻው ዋጋ ሰጥተዋል፤ ይህ መልካም ነው። ዳርቻ ዋጋ ሲያገኝ ግን ወረቀት የሌለው ነዋሪ ቀድሞ የሚለቅ መሆኑን ባህር ዳር ላይ አይተናል። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ልማት በተባለ ቁጥር በካርታው ላይ የማውረጃ ቦታ ተሰምሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥቂት ሜትር ዳርቻ፣ ወደ መንገድ የሚያወጣ መተላለፊያ፣ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃና ማጠቢያ ጠረጴዛ፤ ለአንድ ሆቴል ከሚሰጠው ቦታ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

ሌሎች ከዚህ ጥያቄ ጋር እንዴት እንደታገሉ ማየት ይረዳል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በየማውረጃው የዳርቻ አስተዳደር ኮሚቴ አቋቋሙ። በኮሚቴው ውስጥ የጀልባ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ተቀጣሪው ቀዛፊና ዓሣ ነጋዴውም፣ ሴቶችም ወንበር እንዲያገኙ ደንግገው ነበር። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሚቴዎቹ በሙስና ተበላሽተዋል ብላ አገደቻቸው፤ ከ2017 ጀምሮም ቁጥጥሩን ለወታደር ሰጠች። መንግሥት ወደ ውጭ የሚላከው ዓሣ አገግሟል ይላል። ወታደሮቹ ያቃጠሏቸው ጀልባዎች ግን በአብዛኛው የትንንሾቹ አጥማጆች ነበሩ፤ የተፈቀደው ዝቅተኛ የጀልባ ርዝመት ከአቅማቸው በላይ ነበርና። ዓሣን ማዳንና አጥማጅን ማዳን ሳይነጣጠሉ ካልታሰቡ አንዱ በሌላው ኪሳራ ሊመጣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ይዟል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ባለው የበጀት ዘመን ከዓሣ ሀብት ፈንዱ የተወሰነውን በየዳርቻው ለተቋቋሙ የአካባቢ ቡድኖች ያከፋፍላል። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት በቡድኑ የተሰበሰቡት አጥማጆች፣ ነጋዴዎች፣ ማኅበራትና የመንግሥት አካላት ናቸው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ደንብ ከእነዚህ አንዱም ወገን፣ መንግሥትም ቢሆን፣ ከ49 በመቶ በላይ ድምፅ ሊይዝ አይችልም ነበር። የእነርሱ ገንዘብ የለንም፤ ይህችን የድምፅ ደንብ ለመውሰድ ግን ገንዘብ አያስፈልግም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቁት የአነስተኛ ዓሣ ሀብት መመሪያም ከዓሣው ባሻገር የአጥማጁን የመሬትና የይዞታ መብት ይመለከታል።

ዳርቻው ለአጥማጁ ይከበር ሲባል የሚቀርበው ተቃውሞ የሥራ አጡ ወጣት ጉዳይ ነው። በማኅበር ተደራጅቶ ብድር ወስዶ ሐይቅ የወረደው ወጣት ብዙ ነው፤ በሐይቁ ላይ ያለው መረብም አብሮ በዝቷል። ዳርቻውን ለነባሮቹ ብቻ ማጠር ፍትሕ አይሆንም፣ ሁሉም ይግባ ማለትም ዓሣውን ይጨርሰዋል። በእኔ አስተያየት ይህን መወሰን ያለበት ከላይ የሚመጣ የፈቃድ ቁጥር ሳይሆን፣ ነባሩም ወጣቱም ዓሣ ጠባሿም የተቀመጡበት የየማውረጃው ጉባኤ ነው። መጨቃጨቃቸው አይቀርም፤ ቢሆንም እዚያ ውኃ ላይ ማን ምን መረብ እንደጣለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ጅምሩ ከአንድ ወንዝ ቢሆን ይሻላል፤ ጉማራ ለዚህ ይመቻል። ወንዙ አፍ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘጋ። በዚያ ጊዜ በአካባቢው የሚያጠምዱት ሰዎች በሴፍቲኔት ደመወዝ እንቦጩን ከማውረጃቸውና ከወንዙ አፍ ያንሡ፣ ደንገል ይትከሉ፣ የተጣለ መረብ ይልቀሙ። ክፍያው የሚደርሰው በቤተሰቡ መዝገብ ይሁን፤ ዓሣ ሸጣ የምታድረውም ገቢዋ ስለሚቆም በስሟ ትመዝገብ። የማውረጃው ቦታ በወረዳው መሬት አስተዳደር ለጉባኤው በይዞታ ይሰጥ። ወደ ጉማራ የሚወጣውን ዓሣ ተመራማሪዎች ከዚህ ቀደም መዝግበውታልና፣ በመጀመሪያው ክረምት የታየውን ለውጥ የሚያመዛዝኑበት ቁጥር በእጃቸው አለ።